ኡንዲንገንና ጋፋት፤ የሁለት መንደሮች መልክዐ ምድርና ታሪክ

(በካምፓላ፥ ኪሱጉ ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



የታላላቅ ከተሞች ታሪክ ጸሓፊ አጥቶ አያውቅም። ስለ ሮም፥ ስለ ኢየሩሳሌም፥ ስለ አክሱምና ስለ ጎንደር ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። የመንደር ታሪክ ግን ብዙውን ጊዜ በሽማግሌዎች አንደበት ላይ ቈይቶ፥ ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። ይሁን እንጂ ከተማን የሚመግባት፥ ወታደሩንም ካህኑንም መምህሩንም የሚያወጣላት መንደር ነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግር ሁለት ትንንሽ መንደሮችን ይመለከታል። አንደኛይቱ በደቡብ ጀርመን፥ በጥንቱ የቩርተምበርግ መንግሥት ደጋ ላይ የምትገኘው ኡንዲንገን ናት። ሁለተኛይቱ በበጌምድር፥ በደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኘው ጋፋት ናት። በሁለቱ መካከል ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሆን ምድርና ባሕር አለ። ዳሩ ግን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ኡንዲንገን ካሳደገቻቸው ልጆች አንዱ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ከፍቶ፥ በዚያ መንገድ የመጡት የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ጋፋትን በታሪክ መዝገብ ውስጥ አስገብተዋታል።

በዚህ ንግግር የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ፥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የኡንዲንገን መልክዐ ምድር

ኡንዲንገን የምትገኘው የሽቫብያ አልብ በሚባለው ሰፊ ደጋ ላይ፥ ከሮይትሊንገን ከተማ በስተደቡብ ነው። ይህ ደጋ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። በሰሜን ምዕራብ በኩል በገደል ያበቃል፤ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ግን ወደ ዳኑብ ወንዝ ቀስ እያለ ያዘቀዝቃል። መንደሪቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይህ ቍጥር ለኢትዮጵያዊ ቈላ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን አገሩ ከምድር ወገብ እጅግ የራቀ ስለ ሆነ፥ ክረምቱ ረጅምና በረዷማ፥ የእርሻው ወራት አጭር ነው። የጀርመን ሰዎችም ይህን አገር ከጥንት ጀምሮ ሻካራው አልብ እያሉ ይጠሩታል።

የደጋው አለት የኖራ ድንጋይ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባሕር ምድሩን ሸፍኖት በነበረ ጊዜ የተከማቸ ነው። የኖራ ድንጋይ ውሃን በላዩ አያቈይም። ዝናሙ እንደ ወረደ በስንጥቁ እየሰረገ ወደ ታች ይገባል፤ በከርሠ ምድርም ዋሻ ይፈለፍላል፤ በመጨረሻም ከደጋው እግር ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በጎረቤቲቱ መንደር በኤርፕፊንገን የሚገኘውና በጥንት ድቦች ዐጽም የታወቀው የድብ ዋሻ የዚህ የውሃ ሥራ ምስክር ነው። ስለዚህ የአልብ ገበሬ ዝናም ሳያንሰው ውሃ ይቸግረው ነበር። አበሻ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለርሱም የተነገረ ይመስላል። የጣሪያ ውሃ በጉድጓድ ያጠራቅማል፤ ሸክላ በተመረገ ኩሬ ከብቱን ያጠጣል፤ ድርቅ በሆነ ጊዜ ደግሞ በርሜል በሠረገላ ጭኖ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ይህ ችግር የተቃለለው ከ1871 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት በወንዝ ጕልበት የሚሽከረከር መሣሪያ ውሃን ከሸለቆ ወደ ደጋው መግፋት ጀመረ፤ ከዚያም ሥራው ከመንደር ወደ መንደር ተስፋፋ።

አፈሩ ስስና ድንጋያማ ነው። የሚበቅልበትም አጃ፥ ገብስ፥ ምስርና ተልባ ነበር፤ በጉም ብዙ ነው። በተለይ ስለ ተልባ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። የኢትዮጵያ ገበሬ ተልባን የሚዘራው ለፍሬው ነው። የአልብ ገበሬ ግን ግንዱን ዘፍዝፎና ወቅጦ ጭረቱን ያወጣል፤ ይፈትላል፤ በክረምት ወራት በቤቱ ውስጥ በፍታ ይሠራበታል። ተክሉ አንድ ሲሆን፥ በአንደኛው አገር ወጥ፥ በሌላው አገር ልብስ ሆነ። ይህም የሚያስረዳው መልክዐ ምድር ብቻውን የሰውን ኑሮ እንደማይወስን ነው።

የኡንዲንገን ሰዎች ታሪክ

በዚያ አገር ስማቸው «ኢንገን» በሚል ድምፅ የሚጨርሱ መንደሮች እጅግ ብዙ ናቸው። ይህ ድምፅ «የእገሌ ወገን» እንደ ማለት ነው፤ አለማን የሚባሉት ነገዶች በሰፈሩ ጊዜ የቀረ ምልክት ነው። በኢትዮጵያም በአባት ስም የተጠሩ መንደሮች ስለሚገኙ፥ ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንበትም።

የርስቱም ሥርዐት እንዲሁ ሩቅ አይደለም። በቩርተምበርግ ብዙ ስፍራ ገበሬ ሲሞት መሬቱ ለወንዶችና ለሴቶች ልጆቹ በእኩልነት ይከፈል ነበር። ክፍያው በየትውልዱ ስለ ተደጋገመ እርሻው እየጠበበ ሄደ። በበጌምድርና በጎጃም የነበረው የርስት ሥርዐትም ከአባትም ከእናትም በኩል ድርሻ ይሰጥ ስለ ነበር፥ ተመሳሳይ መጣበብን ያመጣ ነበር። ይሁን እንጂ የሁለቱ አገሮች መፍትሔ ተለያየ። መሬት ያነሰው የሽቫብያ ገበሬ ሸማኔ፥ አናጢ፥ ኮርቻ ሰፊ ወይም ቀጥቃጭ እየሆነ፥ ማረሻውንና መዶሻውን በአንድነት ይዞ ኖረ። መሬት ያነሰው የበጌምድር ልጅ ግን ወይ ጋሻ አንሥቶ ለጌታ አደረ፤ ወይ አኮፋዳ ይዞ ወደ ቄስ ትምህርት ሄደ። መዶሻውን ሊያነሣ አልወደደም፤ የዚህም ምክንያት በኋላ ይገለጣል።

ሌላው ልዩነት የትምህርት ነው። በቩርተምበርግ በ1649፥ ይኸውም ሠላሳ ዓመት የፈጀው ታላቅ ጦርነት ባበቃ ማግስት፥ ልጆች ሁሉ ወደ ትምህርት ቤት እንዲሄዱ ታዘዘ። ስለዚህ የድኻ ገበሬ ልጅም ቢሆን ማንበብና መጻፍ ያውቅ ነበር።

በ1815 በኢንዶኔዥያ ታምቦራ የሚባለው ተራራ ፈነዳ። ዐመዱና ጢሱ ሰማዩን ስለ ጋረደው በ1816 በአውሮፓ በጋ ሳይታይ ቀረ፤ እህሉ ሳይበስል በረዶ መታው፤ በቩርተምበርግም ታላቅ ረኃብ ሆነ። ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ሩስያና ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ንጉሡ ቀዳማዊ ቪልሄልም ረኃቡን አይተው በ1818 በሆሄንሃይም የእርሻ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በ1819 ደግሞ በሃይማኖታቸው ምክንያት ለመሰደድ የተነሡ ምእመናን ኮርንታል የምትባል መንደር መሥርተው በራሳቸው ሥርዐት እንዲኖሩ ፈቀዱላቸው።

ዮሐንስ ማርቲን ፍላድ በ1831 በኡንዲንገን የተወለደው በእንዲህ ያለ ዘመን ነው። የመሬት ጥበት፥ የእጅ ሥራ ልማድ፥ የመንደር ትምህርት ቤትና የጋለ የሃይማኖት መንፈስ በአንድነት ያሳደጉት ሰው ነበር። ከርሱ በፊት በ1810 በቲዩቢንገን አጠገብ በዴሬንዲንገን መንደር የተወለደው ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ በትግራይ፥ በኋላም በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ቈይቶ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ መመለስ በተከለከለም ጊዜ በ1844 ወደ ሞምባሳ ወርዶ የስዋሂሊን ቋንቋ በማጥናትና በመጻፍ ታወቀ። ክራፍና ፍላድ ሕይወታቸውን የጨረሱት በዚያችው በኮርንታል ነው፤ ክራፍ በ1881፥ ፍላድ በ1915 ዐረፉ።

በባዝል ከተማ አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና ኮረብታ ላይ በ1840 የተቋቋመ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። መሥራቹ ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሽፒትለር የቩርተምበርግ ተወላጅ ነው። ትምህርት ቤቱ የመንደር ወጣቶችን እየተቀበለ፥ በእጃቸው ሥራ ራሳቸውን እየረዱ ወንጌል የሚያስተምሩ ሰዎች አድርጎ ወደ ውጭ ይልካቸው ነበር። ወደ ጋፋት የሚወስደው መንገድም በዚህ ኮረብታ በኩል ያልፋል።

የጋፋት መልክዐ ምድር

ጋፋት ዛሬ በአማራ ክልል በደቡብ ጎንደር ዞን ውስጥ ከደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኝ ኮረብታማ ስፍራ ናት። ደብረ ታቦር ከጎንደር በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር፥ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታውም ወደ 2,700 ሜትር ይደርሳል። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ ቆሞ ይታያል። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከጉና እየወረዱ በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ።

አለቱ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቍር ድንጋይ ነው። እንደ ኖራ ድንጋይ ውሃን ስለማይውጥ ምንጭ በየቦታው ይፈልቃል፤ አፈሩም ከአልብ አፈር ይልቅ የጠለቀና ለም ነው። ገብስ፥ ስንዴ፥ ባቄላ፥ ተልባ፥ በዛሬ ዘመን ደግሞ ድንች በብዛት ይመረትበታል። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው በትግራይ ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር እንደ ሆነ ይነገራል።

እንግዲህ በመልክዐ ምድር ብቻ ቢፈረድ፥ ጋፋት ከኡንዲንገን የተሻለ ዕድል ያላት መንደር ነበረች ማለት ይቻላል።

ደብረ ታቦርን የቈረቈሩት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ከርሳቸው በኋላ የራስ ዓሊ መቀመጫ ሆነች። ደጃዝማች ካሣ በ1853 በአይሻል ራስ ዓሊን ድል ካደረጉና በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላም ደብረ ታቦር ከዋና ዋና ሰፈሮቻቸው አንዷ ነበረች። ጋፋትም ለከተማይቱ ቅርብ ስለ ሆነች የንጉሠ ነገሥቱ ዓይን ዐረፈባት።

የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች በጋፋት

በ1855 ክራፍና ፍላድ አዲሱን ንጉሠ ነገሥት ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። የላካቸው አስቀድሞ በኢትዮጵያ ያስተምር የነበረውና በዚያን ጊዜ በኢየሩሳሌም ጳጳስ የነበረው ሳሙኤል ጎባት ነው። ዓፄ ቴዎድሮስም የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ቢመጡ በደስታ እንደሚቀበሉ አስታወቁ። በ1856 ፍላድ፥ ቤንደር፥ ማየርና ኪንስለን ከቅዱስ ክሪሾና መጡ። ጥቂት ቈይቶም ስዊሱ ቴዎፊል ዋልድማየርና ጀርመናዊው ሳልሙለር ተጨመሩ። የመጡት መጻሕፍትን በብዙ ጭነው ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከመጻሕፍቱ ሣጥን ይልቅ የባሩድ ሣጥን ቢመጣላቸው እንደሚመርጡ ተናገሩ ይባላል።

ፍላድ በጄንዳ በቤተ እስራኤል መካከል ለማስተማር ተቀመጠ። ለሌሎቹ ግን ዓፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ መጀመሪያ የጋፋትን ኮረብታ ሰጧቸው። ቤት ሠሩ፤ አትክልት ተከሉ፤ የአንጥረኛና የአናጢ መሥሪያ አቆሙ። በአውሮፓ ልማድና በአበሻ ልማድ የተቀላቀለ አንድ ትንሽ መንደር ሆነ። ዋልድማየር የንጉሠ ነገሥቱ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች። ከፖላንድ ምድር የመጣው ብረት አቅላጭ ሞሪትስ ሆልም በዚያ ነበረ። እርሱ ያገባት ካታሪና ደግሞ የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ሳንደርና የኢትዮጵያዊት እናት ልጅ ናት። በ20ኛው መቶ ዓመት በዓለም የታወቀው ተዋናይ ፒተር ዩስቲኖቭ ከዚህ ቤተ ሰብ ዘር የተገኘ ነው። የፈረንሳዩ ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ከሠራተኞቹ ጋር ተቈጥሯል። በመንደሪቱም የአገሩ ልጆች ፊደልና የእጅ ሥራ ይማሩ ነበር።

የንጉሠ ነገሥቱ ዋና ፍላጎት ግን መድፍ ነበረ። ሰዎቹ ወንጌል ለማስተማር የመጡ እንጂ መድፍ የማቅለጥ ሙያ የሌላቸው መሆናቸውን አስረዱ። ዓፄ ቴዎድሮስ ግን ሞክሩ አሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ ምድጃው ሙቀቱን አልቻለውም። ንጉሠ ነገሥቱ ተስፋ ሳይቈርጡ ሥራው ይደገም አሉ፤ በመጨረሻም ነሐሱ ቀልጦ በቅርጹ ውስጥ ፈሰሰ።

ይህ ሥራ ምን ያህል የብዙ ሰው ጕልበት እንደሚጠይቅ መገመት አያስቸግርም። ነሐስ የመዳብና የቈርቈሮ ቅልቅል ነው፤ እስኪፈስስ ድረስ ለማቅለጥ ወደ 1,000 የሙቀት መጠን ያስፈልጋል። ለዚህ እንጨቱ ተቈርጦ ከሰል መክሰል፥ ሸክላው ተቦክቶ መቀረጽና መድረቅ፥ ወናፉም ሳያቋርጥ መነፋት አለበት። ቅርጹ ርጥበት ቢቀርበት የጋለው ነሐስ ሲገባበት ይፈነዳል፤ የወራት ድካም በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። የአውሮፓውያኑ ስም በየጻፉት መጽሐፍ ተጠብቆ ለትውልድ ደርሷል። እንጨቱን የቈረጡት፥ ሸክላውን ያቦኩት፥ ወናፉን የነፉት የበጌምድር ሰዎች ግን መጽሐፍ አልጻፉም። በሥራው ውስጥ የነርሱ ድርሻ ከማንም እንደማያንስ ማስታወስ ተገቢ ነው።

የጋፋት መጨረሻ

ዓፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶርያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ ግን በጊዜው አልመጣላቸውም። በ1864 መጀመሪያ ቆንሲሉ ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ። በ1866 የእንግሊዝ መንግሥት መልክተኛ ራሳም መልስ ይዞ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት የኮሌራ በሽታ ከጣና ዳርቻ ሲያባርራቸው እርሱም ባልደረቦቹም ለጥቂት ጊዜ በጋፋት ተቀምጠው ነበር። በኋላ ግን እነርሱም ወደ መቅደላ ተላኩ። ፍላድም ሚስቱንና ልጆቹን በኢትዮጵያ ትቶ፥ ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉትን ሠራተኛና መሣሪያ ለማስመጣት ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። ሠራተኞቹና መሣሪያዎቹ እስከ ምጽዋ ደርሰው ነበር፤ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ግን ከዚያ ተመለሱ።

በ1867 ንጉሠ ነገሥቱ የጋፋት ሰዎች ይከዱኛል ብለው ስለ ጠረጠሩ፥ ከመንደራቸው አስነሥተው በደብረ ታቦር በጥበቃ ሥር አደረጓቸው። የጋፋት መንደርነት በዚህ አበቃ ማለት ይቻላል። ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለው ታላቁ መድፍ ሴባስቶፖል የነዚሁ የጋፋት ሠራተኞች ሥራ ነው። ስሙ በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ተከብባ ከነበረችው ከሩስያ የወደብ ከተማ የተወሰደ ነው። በጥቅምት 1867 ዓፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉ በሠረገላ ላይ ሆኖ፥ በብዙ መቶ ሰዎች እየተሳበ፥ ዳውንትና ደላንታን ተሻግሮ፥ የበሽሎን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ፥ በመጋቢት 1868 መቅደላ ደረሰ። መንገድ ባልነበረበት ገደል መንገድ ተጠረገ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ ሲያነሡ ታይተዋል።

ሚያዝያ 10 ቀን 1868 በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሲደረግ፥ ከታላላቆቹ መድፎች አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። በሦስተኛው ቀን፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ዓፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው በራሳቸው ሽጕጥ ሞቱ። አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ። ማየር በኋላ ተመልሶ በሸዋ አስተማረ። ዋልድማየር በሊባኖስ በብሩማና ትምህርት ቤት መሠረተ፤ በአስፉሪየም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲቋቋም አደረገ። ሴባስቶፖል ግን እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ተኝቷል፤ አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

የጋፋት ምድጃ ለምን በረደ?

ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መድፍ እስከ ማቅለጥ የደረሰ ሥራ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ሲሞቱ እንዴት ያለ ወራሽ ቀረ? ብዙ ሰዎች ጦርነቱን ብቻ ምክንያት ያደርጋሉ። ጦርነቱ ያፈረሰው መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ቩርተምበርግም በዘመኗ ብዙ ጊዜ በጦርነት ፈርሳለች፤ የእጅ ሥራዋ ግን ከልጅ ወደ ልጅ ተላልፏል።

የመጀመሪያው ምክንያት ሙያው የተናቀ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ባለጅ እየተባለ፥ ከዚያም አልፎ በቡዳነት እየተጠረጠረ ይኖር ነበር። ማረሻውን ከርሱ የሚገዛ ገበሬ ልጁን ለርሱ አይድርም። ዓፄ ቴዎድሮስ የጋፋትን ሠራተኞች ልጆቼ እያሉ ማክበራቸው ለዘመኑ አዲስ ነገር ነበረ። ይሁን እንጂ የአንድ ንጉሥ አክብሮት የሕዝብን ልማድ በጥቂት ዓመት አይለውጥም። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ማዘዛቸው፥ ንቀቱ ከአርባ ዓመት በኋላም እንዳልጠፋ ያስረዳል።

ሁለተኛው ምክንያት በጋፋት መሥሪያው ትምህርት ቤቱን መቅደሙ ነው። መሥሪያው የሚፈልገው ነገ የሚተኰስ መድፍ ነበር፤ ትምህርት ቤት ግን ፍሬውን የሚሰጠው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። በጋፋት የተማሩት ልጆች ጥቂቶች ነበሩ፤ ትምህርታቸውም ሳይጸና መንደሪቱ ተበተነች። በኡንዲንገን በኩል ግን የመንደሩ ትምህርት ቤት ከ1649 ጀምሮ የቆመ ስለ ነበር፥ ረኃብ በመጣ ጊዜ የእርሻ ትምህርት ቤት፥ ውሃ በቸገረ ጊዜ መሐንዲስ ተገኘ። ጀርመናውያን ከሌላው ሰው የተለየ አእምሮ ስላላቸው አይደለም፤ የሚወርስ ትውልድ አስቀድሞ ስለ ተዘጋጀ ነው።

ለዚህ ነገር ሌላ ምስክር ለመፈለግ ከካምፓላ መውጣት አያስፈልግም። ኪሱጉ በከተማይቱ ደቡብ ምሥራቅ፥ በማኪንዴ ክፍል ትገኛለች፤ በርሷና በጎረቤቷ በካባላጋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በከተማይቱ ሌላ ወገን፥ በሩባጋ ክፍል፥ ናቴቴ የሚባል ሰፈር አለ። አሌክሳንደር ማኬይ የሚባል በ1849 በስኮትላንድ በራይኒ መንደር የተወለደ መሐንዲስ የኖረው በዚያ ነው። በርሊን ውስጥ በመሐንዲስነት ሠርቶ፥ በ1878 ወደ ካባካ ሙቴሳ አገር ገባ። ካባካውም እንደ ዓፄ ቴዎድሮስ ከመጽሐፉ ይልቅ መሣሪያውን ይወድ ነበር። ማኬይ በመዶሻውም በመጋዙም ካባካውን አገለገለ፤ ከዚያው ጋር ግን በትንሽ ማተሚያ የሉጋንዳ ፊደልና ንባብ እያተመ ለወጣቶች ያድል ነበር። በ1888 የውጭ አገር መምህራን ሁሉ ከቡጋንዳ ተባረሩ። «አባሶሚ»፥ ማለት አንባብያን፥ ይባሉ የነበሩት የአገሩ ልጆች ግን ወደ አንኮሌ ተሰደው እምነታቸውንና ንባባቸውን ይዘው ቈዩ፤ በኋላም ተመለሱ። መምህሩ ሲሄድ ትምህርቱ በተማሪው ዘንድ ቀረ።

በኢትዮጵያም ቢሆን ከዚያ ዘመን ያለ ጥርጥር የቀረው በወረቀት ላይ የታተመው ነው። ክራፍ በእርጅናው በአባ አብርሃም፥ በሌላ ስማቸው በአቡ ሩሚ፥ የተተረጐመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እያረመ፥ በዚያው በቅዱስ ክሪሾና ማተሚያ ቤት አሳትሟል። የመድፉ ሠሪዎችና የመጽሐፉ አታሚዎች የወጡት ከአንድ ኮረብታ ነው። ሴባስቶፖልን የሚተኩስ ሰው ዛሬ የለም፤ የአማርኛን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ግን በሚሊዮን ይቈጠራል።

የሁለቱ መንደሮች የዛሬ መልክ

ኡንዲንገን በ1975 ከኤርፕፊንገን፥ ከጌንኪንገንና ከቪልማንዲንገን ጋር ተዋሕዳ ዞነንቢዩል የሚባል አንድ የአስተዳደር ማኅበር ሆናለች። የጥንት ስሟ ግን አልጠፋም። የጋፋትም ስም አልጠፋም። በኢትዮጵያ በጋፋት ስም የተሰየመ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተቋቁሟል፤ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የቴክኖሎጂ ትምህርት የሚሰጥበት ክፍል በዚሁ ስም ይጠራል። ሁለቱም የዓፄ ቴዎድሮስን ሐሳብ ያስታውሳሉ። ነገር ግን ከሁለቱ ስያሜዎች ጋፋት አጥታው የነበረውን ነገር የሚመልሰው ሁለተኛው ነው። በዚያ ኮረብታ አጠገብ ዛሬ የሚማረው ወጣት የአንጥረኛ ልጅ ቢሆን የሚያፍርበት፥ የመኰንን ልጅ ቢሆን የሚኰራበት ምክንያት የለም።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገሮች በመምህራን ትከሻ ላይ ይወድቃሉ። አንደኛው የእጅን ሥራ ከአእምሮ ሥራ ጋር አስማምቶ ማስተማር ነው። ተማሪ ጉጠትና መዶሻ ከያዘ እጅ ጋር ብርዕ የያዘ እጅ እኩል እንደ ሆነ ሊያውቅ የሚችለው፥ መምህሩ በቃሉም በሥራውም ሲያሳየው ነው። ቤቱ ሲሄድ ሌላ ነገር ይሰማ ይሆናል፤ ስለዚህ ነገሩ አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚተው አይደለም።

ሁለተኛው የመንደርን ታሪክ መጻፍ ነው። ስለ ጋፋት የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው እንግዶች ስለ ጻፉት ነው። አንድ የበጌምድር ደብተራ በዚያ ኮረብታ ላይ ያየውንና የሰማውን ጽፎ ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ የወናፉ ነፊዎች ስም በታወቀ ነበር። ይህ ስሕተት እንዳይደገም፥ በማናቸውም ትምህርት ቤት ያለ መምህር ተማሪዎቹን የመንደራቸውን ምንጭና ወንዝ፥ አፈርና ድንጋይ፥ ደብርና ገበያ፥ የሙያተኞቹን ስምና የሠሩትን ሥራ ከሽማግሌዎች እየጠየቁ እንዲጽፉ ሊያደርጋቸው ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና ጥቂት ትዕግሥት ነው። በስደት የሚኖርም መምህር ቢሆን ይህ አይከለከለውም፤ እናትና አባት በኪሱጉ ያሳደጓቸው ልጆች የወላጆቻቸውን መንደር የሚያውቁት በዚህ መንገድ ነው።

«ብልህ ከሰው ስሕተት፥ ሞኝ ከራሱ ይማራል» ይባላል። ጋፋት የራስ ናት፤ ኡንዲንገን የሰው ናት። ከሁለቱም መማር ለሚፈልግ፥ የሁለቱም ታሪክ ተጽፎ ይገኛል።